አመድና ድኝ በአፀደ ጓሮ

ግንቦት 17 ቀን 1988፣ እዚህ አገር 1996 በሚሉት

ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። የራሴን ወጥ እሠራለሁ። ሸሚዜን እተኩሳለሁ። በረዶ በአካፋ እጠርጋለሁ፣ በዚህ ክረምት የጎረቤትም ጠርጌአለሁ። ሰንሪጅ እስከሚባለው ገበያ በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ፣ አውቶቡሱን ለሰነፎች ትቼዋለሁ። ራሔል ካላየችኝ መሰላል እወጣለሁ። መጽሐፌን በማጉያ መነጽር አነባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው፣ ሆሳዕና፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ጽሕፈቴ አያምርም። ግን የራሴ ነው፣ ማንም አልጻፈልኝም።

ይህን የምጽፈው ልጄ ራሔል ዛሬ መጥታ ስለሄደች ነው። ከባሏ ከቅዱስ ጋር ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው በኤርድሪ ነው የምትኖረው። ቤታችን ሰፊ ነው፣ ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ፣ ባዶ ነው፣ ይምጡና አብረን እንኑር ትለኛለች። እናቷ አፀደ ካረፈች ጀምሮ ወሬዋ ይኸው ነው።

«አባባ፣ ስቶቩን ሳያጠፉ ቢተኙስ?»

«ሳላጠፋ ተኝቼ አውቃለሁ?»

«ያኔ እማዬ ነበረች። አሁን ማን ነው ቼክ የሚያደርግዎት?»

ተናደድኩና ቃል ሰጠኋት። በደቡብ በኩል አጥሩ ሥር አፀደ የተከለቻቸው አራት ብሉቤሪዎች አሉ፣ ጥቁር ፍሬ የሚያፈሩ ቁጥቋጦዎች። ካናዳ ውስጥ፣ እዚህ ካልጋሪ ላይ ብሉቤሪ አይሆንም እየተባለች ያበቀለቻቸው ናቸው። «እነዚህ በእኔ እጅ ከደረቁ በመስከረም ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ አንዲት ቃል አልናገርም። ከለመለሙ ግን ይህን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ» አልኳት። እጅ ለእጅ ተማታን። ስቃ ሄደች።

ቅጠል አውጥተዋል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ መሬት አውቃለሁ። ምን ይጨንቀኛል።

ግንቦት 19

ንዋይ አመድ አመጣልኝ። ንዋይ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው። ከካልጋሪ ውጭ ኦኮቶክስ ነው ቤቱ፣ በእንጨት የሚነድ ምድጃ አለው። ክረምቱን ያጠራቀመውን በባልዲ ሞልቶ በትራኩ ጭኖ መጣ።

«ጋሼ መኳንንት፣ ሰው ብዙ ነገር ያስቸግረኛል፣ አመድ ያስቸገረኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት» አለኝ።

«የከተማ ልጅ ነህ፣ አይፈረድብህም» አልኩት።

በእኛ አገር ቀዩ መሬት ኮምጣጣ ነው። እንሰትም ሆነ ጎመን አመድ ካላገኘ ይቀጭጫል። አባቴ ለጎረቤት ቅቤ ይሰጣል፣ አመድ አይሰጥም ነበር። ለአራቱም እኩል እኩል ደፋሁላቸው፣ በእጄ ከአፈሩ ጋር አሸሁት፣ ውሃ አጠጣሁ።

አፀደ ይህን ስታደርግ አይቼ አላውቅም። ምን ታደርግላቸው እንደነበር አላውቅም፣ ጠይቄያትም አላውቅም። ጓሮው የእሷ ነበር፣ ሶፋው የእኔ ነበር።

ያችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ባልጻፍኳት ይሻል ነበር።

ግንቦት 27

ዝናብ። ጉልበቴን አሞኛል። ዝናቡ አጥቦት ይሆናል ብዬ አመድ ጨመርኩ።

ሰኔ 4

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። አዲስ የወጣው ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ነው፣ መሀል መሀሉ ቢጫ። ምግብ አንሶት ነው። ባልዲው ገና ግማሽ አለው። ደፋሁለት።

ራሔል ደወለች። «ብሉቤሪው እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው፣ ቀለሙ ትንሽ ፈካ ብሏል» አልኳት። አልዋሸሁም። ፈክቷል።

ሰኔ 9፣ እሁድ

ዛሬ ሰው ተቀየመኝ። ወይም እኔ ተቀየምኩ። እንዴት እንደሆነ ልጻፈውና ይለይልኝ።

አብረኸት ከኋላችን ካለው መንገድ ማዶ ትኖራለች። ኤርትራዊት ናት። አስመራ በአማርኛ ነው የተማረችው፣ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች። ከአፀደ ጋር አንድ ነፍስ ነበሩ። ጓሮ ውስጥ ሆነው ሲስቁ ሳሎን ድረስ ይሰማኝ ነበር፣ በምን እንደሚስቁ ግን አይነግሩኝም። ዛሬ ከጉባኤ በኋላ ንዋይ በመኪናው ሲያመጣት እሱ ባልዲውን ሊወስድ ወደ ጓሮ ዞረ፣ እሷም ብሉቤሪውን ልይ ብላ ተከተለችው።

«ወይ ጉዴ» አለች። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረችው። ጣቷ ነጣ። «ጋሼ፣ ይሄ አመድ ነው?»

«አመድ ነው።»

«ማን ነው አድርጉ ያለዎት?»

«ማን ይለኛል? ልጅ ነኝ?»

ንዋይ ባልዲውን ወደ ኋላው አዞረ።

«አይቆጡ፣ ጋሼ። ያ አገር ቤት ነው። እዚያ መሬቱ ኮምጣጣ ስለሆነ አመድ ያለዝበዋል። የዚህ አገር መሬት ግን ኖራ ነው። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ነገር አይጋገርም? ውሃውም አፈሩም አንድ ናቸው። ብሉቤሪ ደግሞ የሚወደው ኮምጣጣ መሬት ነው። እርስዎ በኖራ ላይ ኖራ ጨመሩበት፣ ለዚህ ነው የገረጣው። ካላመኑኝ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት። እንደ አምቦ ውሃ ከፈላ ኖራ ነው።»

«እሺ አዋቂ፣ ምን ላድርግለት ታዲያ?»

«ድኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ድኝ ነዋ፣ ቢጫው ዱቄት። አበባ የሚሸጡበት ሱቅ አለ። ቀስ እያለ ያኮመጥጠዋል።»

ድኝ። መጽሐፉ ዲን የሚለው። ሰዶምን ያነደደው። በሚስቴ ጓሮ። «ሴትዮ፣ አንቺ ጉባኤ የምትመጪው ለመተኛት ነው?» አልኳት። ንዋይ ሳቁን ዋጠ። እሷም ፈገግ ብላ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። አላቆምኩም። «የባሕሩን አገር ቆርሳችሁ ወሰዳችሁ። የቀረችኝን ቁራሽ መሬት ደግሞ በድኝ ልታቃጥዪ መጣሽ?» አልኳት።

ንዋይ «ጋሼ፣ ኧረ ጋሼ» አለ።

እሷ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔ አገሬን ካየሁ ስንት ዘመኔ። ምኑን ወሰድኩት?» አለች ቀስ ብላ። የጓሮውን በር ሳትዘጋ ወጣች። ሁልጊዜ ትዘጋ ነበር።

ሰኔ 10

ሰው በገዛ ቤቱ ማን አድርግ አለህ ይባላል? እውነቴን ነው።

ንዋይ ባይሰማ ጥሩ ነበር።

ሰኔ 16፣ እሁድ

ጉባኤ ላይ አፀደ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር አጠገብ ነው አብረኸት ሁልጊዜ የምትቀመጠው። ወንበሩን ለማንም አትለቅም፣ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች። ዛሬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በአፀደ ወንበር ላይ የማላውቀው ሰው ተቀመጠ።

ስንወጣ ንዋይ ጠጋ አለኝ። «ጋሼ፣ ሽማግሌ እንላክ። ሁለት ሰው ይዤ እሄዳለሁ፣ በአንድ ቀን ያልቃል።»

«ማን ወደ ማን ነው የሚልከው?»

«እርስዎ ወደ እሷ ነዋ።»

«ቤቴ ገብታ የተናገረችኝ እሷ ናት። እሷ ትላክ።»

«አመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። አይደለም ልለው ይገባኝ ነበር፣ ግን ጥፋት አለ ማለት ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት።

በሩ ላይ አንዷ ለሌላዋ «አፀደ ብትኖር ይህ አፍ አይከፈትም ነበር» ስትል ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል የምታወራው።

ሰኔ 22

አብረኸት ስላለች አይደለም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አቼቶ ስለነበረ ነው። በማንኪያ ብሉቤሪው ሥር ጠብ አደረግሁበት።

ፈላ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ይንጫጫል።

አቼቶው የቆየ ነው። የተበላሸ ይሆናል።

ሰኔ 23

ከጉባኤ ቀረሁ። ሰንሪጅ ሄጄ አዲስ አቼቶ ገዛሁ። ከብሉቤሪው ርቄ፣ በሩ አጠገብ፣ አመድ ነክቶት የማያውቅ አፈር ላይ አፈሰስኩበት። ያም ፈላ። ብሉቤሪው ሥር ያለው ባሰ።

ገብቼ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈትኩ። ውስጡ ነጭ ነው፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተጋግሯል። ካልጋሪ ከገባን ጀምሮ ሻይ የምጠጣው ከዚያ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አይቼ አላውቅም፣ ሻዩ ተቀድቶ ነበር የሚመጣልኝ።

መሬት አውቃለሁ ብዬ ነበር። የማውቀው የአባቴን መሬት ነው።

ይህን ለማንም አልናገርም።

ሰኔ 25

መላ መጣልኝ። ኮምጣጣ ካነሰው ኮምጣጣ እሰጠዋለሁ። አቼቶ አመድን ድራሹን ሲያጠፋው በዓይኔ አይቻለሁ። ማንንም መጠየቅ የለብኝም፣ ድኝም አልነካም። ትልልቁን ጠርሙስ አቼቶ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተሸክሜ አመጣሁና በየሥራቸው አንቆረቆርኩላቸው። ለመጨረሻው፣ ዳር ላለው፣ ሳይደርሰው አለቀ። ነገ እገዛለታለሁ። ጓሮው ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። አፈሩ ሲፈላ እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር። ደስ ብሎኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል ዛሬ።

ሰኔ 28

የሁለቱ ቅጠል ተጠብሷል። ስነካው ይፈረፈራል። ውሃ አጠጣሁ። እንደገና አጠጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ።

ሐምሌ 4

ሦስተኛውም። ግንዱን በጥፍሬ ጫርኩት፣ ውስጡ ቡናማ ነው፣ እርጥበት የለውም።

የቀረው ዳር ያለው ነው፣ አቼቶ ያላገኘው። ቢጫ ነው ግን አለ። እሱንም ፈራሁት፣ ቀርቤ አልነካውም። ራቅ ብዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። አንዳንዴ አናግረዋለሁ። ጎረቤት ከሰማ ይስማ።

አፀደ፣ ትመጪና ታይዋለሽ ብዬ ነው የምፈራው። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሐምሌ 9

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነና የበረዶ ድንጋይ ወረደ። እንቁላል ያክላል። ጎመኑን ከተከተው፣ የጎረቤቱን መኪና አጎደጎደው፣ የአጥሩን ቀለም ላጠው፣ ዳር ያለውን ብሉቤሪ ብቻ ጥጉ ከለለው። መስኮት ላይ ቆሜ አየሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሐምሌ 14፣ እሁድ

ራሔል መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

«አባባ፣ ሦስቱ ደርቀዋል እኮ።»

«በረዶው ነው።»

«እኛም ጋ መትቷል። የቅዱስ መኪና ወንፊት ሆናለች፣ ኢንሹራንስ ደውለን አይመጡም።» ከደረቁት ከአንዱ ቅጠል ቀንጥባ በጣቶቿ መሀል አሸችው። ተፈረፈረ። ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። በረዶ ቅጠል ይቀዳል፣ ይበሳል፣ አይጠብስም። እሷም የእናቷ ልጅ ናት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «በረዶ ከሆነ አይቆጠርብዎትም። ኦኬ?» ትከሻዬን አቀፈችኝ።

«ኦኬ» አልኳት።

ምሳ ሠርታልኝ ሄደች። አልበላሁትም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 20

ከዳሩ ብሉቤሪ አንድ ቢጫ ቅጠል ቀጠፍኩና በመሐረብ ጠቅልዬ አበባ የሚሸጡበት ሱቅ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ እስከ ታንክዩ ነው። ለሻጯ መሐረቡን ፈታሁላት። ወዲያው ገባት። መደርደሪያው ጋ ወስዳ ቢጫ ዱቄት ያለበት ከረጢት ሰጠችኝ። «ስሎው» አለችኝ፣ እጇን በአየር ላይ ቀስ እያደረገች። «ኔክስት ዪር።» ለከርሞ ማለቷ ነው። ከርሞን በእጇ አሳየችኝ፣ ሩቅ ነው።

ከረጢቱን ይዤ በእግሬ መሄድ ከብዶኝ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሰው ይሸተው ይሆን እያልኩ ተሳቀቅሁ። ማንም ዞሮ አላየኝም።

በአውቶቡሱ ውስጥ ስለ ሰዶም አሰብኩ። ከተማው ሲነድ የሎጥ ሚስት ዞራ አይታ የጨው ሐውልት ሆነች። ሰባኪ ሁሉ የሚያነሳው እሷን ነው። እኔ ግን ሎጥን አሰብኩት። ዞረህ አትይ ተብሏል፣ አልዞረም፣ ጻድቅ ነው። ታዲያ ሚስቱ ከኋላው አለመኖሯን መቼ ይሆን ያወቀው? ስንት ርቀት ሄዶ? ምናልባት ሲያናግራት ነው። አንድ ነገር ጠይቋት መልስ ሲያጣ።

አፀደ በመጨረሻው በጋ ጓሮ ስትሠራ ቶሎ ቶሎ ትቀመጥ ነበር። የተገለበጠ ሣጥን ላይ፣ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ። በመስኮት አያታለሁ። ፀሐይ ትሞቃለች እል ነበር። ፀሐይ ትወድ ነበርና። ሐኪሙ ራሱ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ሐኪሙ ካላወቀ እኔ በምን ላውቅ።

ድኙን ዳር ላለው አደረግሁለት። ጥቂት፣ በማንኪያ፣ ከግንዱ ራቅ አድርጌ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ምንም አልነደደም።

ነሐሴ 5፣ እሁድ

ራሔል ደወለች። ድምፅዋ የጥፋተኛ ድምፅ ነው።

«አባባ፣ ሶሪ ልልዎት ነው የደወልኩት።»

«ምን አደረግሽ?»

«እትዬ አብረኸትን ገበያ አገኘኋት። ውርርዳችንን ነገርኳትና ብሉቤሪው ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኋት። አይ ሚን፣ እኔ የጠረጠርኩት ሌላ ነገር ነበር። ረስተው ውሃ ሳያጠጡት ቀርተው ይሆናል፣ አይነግሩኝም ብዬ።»

«እና ምን አለችሽ?»

«ከማዶ ሆኜ አይቻለሁ፣ በረዶው እነሱን መርጦ ነው የመታቸው፣ አባትሽ ግን ጠዋት ማታ ሲንከባከባቸው ነበር አለችኝ። ሶሪ አባባ።»

ምንም አይደል አልኳት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ሳሎኑ መሀል ቆሜ ቀረሁ።

ነሐሴ 6

ለምን አለቻት?

ሰደብኳት። ሰው ፊት። አገሯን አንስቼ። ከዚያ በጉባኤ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ፣ እሷ ግን እጅ ትነሳኛለች፣ ዕድሜዬን አክብራ። ልታጋልጠኝ ብትፈልግ አንዲት ቃል ይበቃት ነበር።

ተቀያሚ መሆን ይቀላል። አሁን ግን ምን ልሁን።

ነሐሴ 12

ዳር ያለው ፍሬ ይዟል። ጥቂት ነው፣ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል። ቅጠሉ ገና ገርጥቷል፣ ፍሬው ግን ጠቁሯል፣ ላዩ አቧራ የመሰለ ነገር አለው።

አንዱን ቀመስኩት። ይጣፍጣል። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፣ በኋላ ትንሽ ይኮመጥጣል።

በየበጋው በትንሽ ሳህን አድርጋ ታመጣልኝ ነበር። የወፍ ምግብ ነው እያልኩ እመልስባት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቀምሼላት ቢሆን። ሳህኑን ይዛ ትንሽ ትቆምና ትመለሳለች። ወደ ጓሮ ወጥታ ከአብረኸት ጋር ትበላዋለች። ሲስቁ እሰማለሁ።

ነሐሴ 15

ሄድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ የቀረውን ፍሬ በስኒ ይዤ። መንገድ መሻገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም፣ ግን ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ።

በሩን ከፈተች። ይግቡ አላለችም፣ ግን አልዘጋችብኝም። ስኒውን ሰጠኋት።

«ምንድን ነው?»

«የአፀደ ነው። የተረፈው።»

«እርስዎ ነዎት የለቀሙት?»

«ማን ይለቅምልኛል?»

ከንፈሯ ሊስቅ ብሎ ተመለሰ። «ለራሔል በረዶ ነው ያልሻት ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ምን ልበላት? አባትሽ አቼቶ አጠጣቸው ልበላት? ሽታው እኮ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ሰውዬው ሰላጣ ሊበላ ነው ወይስ ምን ሊያደርግ ነው እያልኩ።»

መሬት መሬት አየሁ።

«ሽማግሌ ሰው በቅጠል ምክንያት ከቤቱ አይወጣም ብዬ ነው» አለች። «ደግሞ ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎት። ለአፀደ ብዬ ነው።»

«ድኙን አድርጌለታለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰዶምስ?»

«ሰዶም ይቆይ።»

ያኔ ሳቀች። ከዚያ ስትነግረኝ ሳቋ አልቆ ነበር። አፀደ በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ድኝ ታደርግላቸው ነበር። አብረው ነበር የሚገዙት። «በእርድ ጣሳ ነበር የምታስቀምጠው። መኳንንት ካየው ስብከት ይጀምረኛል ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ሲደርሱብን ጣሳውን ቀሚሷ ሥር ደብቃ ተቀመጠችበት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እርስዎ ምን ያስቃችኋል ብለው ገቡ።»

ጣሳውን አውቀዋለሁ። ከቀብሯ በኋላ ጓዳውን ሳጸዳ ያረጀ እርድ መስሎኝ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። ይህን ለአብረኸት አልነገርኳትም።

«ሽማግሌ ልልክብሽ ነበር» አልኳት።

«ለምን? እግር የለዎትም?»

«አለኝ።»

«ይኸው መጥተዋል። ይናገሩ እንግዲህ።»

ጠበቀችኝ። እውነቴን ነው፣ በትዕግሥት ጠበቀችኝ። አፌን ከፈትኩና የጠየቅኋት ስለ አፈር ነው። የተረፈው ከዚያ አመድ ከጠጣ መሬት ይነሳ ወይስ እዚያው ይሁን አልኳት። መለሰችልኝ። ይነሳ አለች፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ መሬቱ በቅዝቃዜ ብረት ሳይሆን። ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ በሙሉ ይወጣል፣ በምትኩ ፒት ሞስ የሚሉት ጥቁሩ አፈርና የጥድ ቅጠል ይሞላል፣ ድኝ ትንሽ ይደባለቃል፣ በየዓመቱ ይታያል እንጂ ተተክሎ አይተውም። «እኔ ጋ ጥዱ ሥር ቦታ አለ» አለች። «ጓሮውን በሙሉ መለወጥ አይችሉም፣ ጋሼ። ሥሩ የሚደርስበትን ያህል ይበቃል።»

እሺ፣ እሺ እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ደህና ዋይ ብዬ ወጣሁ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ይዤ ሄጄ ይዣት ተመለስኩ። መንገዱን ስሻገር በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም፣ ቆማ እያየችኝ ነበር ማለት ነው። ምን ልል መጥቼ ምን ብዬ እንደሄድኩ ታውቃለች።

ነሐሴ 16

ሽማግሌ የሚላከው ለዚህ ነው ለካ። የላከው ሰው ቃሉን እንዳይናገረው።

ነሐሴ 27

ራሔልን ደወልኩላት። ቤዝመንቱን አዘጋጂ አልኳት።

«አባባ፣ በረዶ አይቆጠርም ብዬዎታለሁ እኮ።»

«ይቆጠራል።»

«ደህና ነዎት? ምን ሆነዋል?»

«ቃል ቃል ነው። ደርቀዋል፣ እመጣለሁ።»

የምታለቅስ መሰለኝ፣ የምትስቅም ሊሆን ይችላል፣ በስልክ አይለይም። ዋናውን ግን አልነገርኳትም። በእጄ እንደደረቁ።

ጳጉሜ 5

ነገ አዲስ ዓመት ነው። ራሔልና ቅዱስ ወሩ ሲጋመስ መኪና ይዘው ይመጣሉ። ቤቱ ሣጥን በሣጥን ሆኗል። ከመሄዴ በፊት ያለብኝን ራሴ እከፍላለሁ። ማንም በእኔ ስም እንዳይከፍል፣ ማንም መኳንንት እንዲህ ማለቱ ነው ብሎ እንዳያስተረጉምልኝ ነው የምጽፈው።

ለንዋይ፦ አመዱ የእሱ ነው፣ የደፋሁት እኔ ነኝ። በጋውን ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ ሲጨነቅ ዝም ብዬ አየሁት። ኦኮቶክስ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ለራሔል፦ በረዶ አይደለም። አመድ ነው፣ ቀጥሎ አቼቶ ነው። ኤርድሪ ሳንደርስ፣ መኪናው ውስጥ እያለን፣ ወደፊት ወደፊት እያየሁ እነግራታለሁ። ትቆጣ።

ለአፀደ፦ የእሷን ጻፍኩና ሰረዝኩት። የሚከፈልበት ቦታ የለም።

ለአብረኸት፦ ጥዱ ሥር ጉድጓዱን እኔ ነኝ የምቆፍረው። ንዋይ ላግዝዎት ብሏል፣ እምቢ ብዬዋለሁ። ወገቤ ከያዘኝ አርፌ እቆፍራለሁ። አፈሩን በሙሉ አወጣለሁ፣ እሷ ያለችውን እሞላለሁ፣ ከእሷ ቃል ውጭ አንዲት ማንኪያ አልጨምርበትም።

ለአብረኸት ደግሞ፦ የሰደብኳት ሰው ፊት ነው። በሯ ላይ ብቻችንን ሆነን ብላት ኖሮ ግማሽ ክፍያ ነበር፣ እሱንም አልከፈልኩም። እሁድ የአዲስ ዓመት ጉባኤ ነው፣ የማይመጣ የለም። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ምስክርነት ሰጥቼ ስለማላውቅ ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ይይ። እንዲህ እላለሁ፦ «እኔ መኳንንት በሰኔ ወር እህታችንን አብረኸትን አገር ወሰድሽብኝ ብያታለሁ። ንዋይ ሰምቷል። የወሰደችብኝ ነገር የለም። የሰጠችኝን ግን አሁን እናገራለሁ።»

እስከዚህ በቃሌ ይዣለሁ። የቀረውን አልጽፈውም። ወደ እሷ ዞሬ እናገረዋለሁ።